ያዘመመ ድምፅ፦ የአሮጌ የመኪና ቴፕ እድሳትና የታማኝነት ጥያቄ

ሰው የሠራው ዕቃ ሲያረጅ ያለቀውን ክፍሉን በአዲስ እየተኩ ማኖር ይቻላል፤ ነገር ግን አብዛኛው ክፍሉ ከተተካ በኋላ ያ ዕቃ የቀድሞው ነው ወይስ የቀድሞውን መልክ የለበሰ ሌላ ነው የሚለው ጥያቄ ከጥንት ግሪኮች ጀምሮ ሲያከራክር የኖረ ነው። ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን የሚመረምረው በመርከብ ወይም በቤተ መቅደስ አይደለም፤ ከዚያ እጅግ ባነሰ ዕቃ፣ ማለትም ከ1960ዎቹ እስከ 1980ዎቹ በተሠሩ መኪናዎች ዳሽቦርድ ውስጥ በሚገኘውና በተለምዶ «የመኪና ቴፕ» በሚባለው ማጫወቻ ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የዕቃው ማነስ ጥያቄውን አያሳንሰውም። እንዲያውም ቴፕ ከመርከብ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ መርከብ ጭነቱ ከወረደ በኋላም መርከብ ነው፣ ቴፕ ግን ሌላ ማሽን የጻፈውን ካላነበበ የብረት ሣጥን ነው። ስለዚህ በእድሳቱ ጊዜ «ይህ ዕቃ ያው ነው ወይ?» ከሚለው ጥያቄ ሥር «የሚያድሰው ሰው ታማኝነቱ ለማን ነው?» የሚል ሌላ ጥያቄ ይገኛል።

ካሴት በ1963 በበርሊን የሬዲዮ ዐውደ ርእይ ለሕዝብ የቀረበ የፊሊፕስ ኩባንያ ሥራ ሲሆን፣ የፈጠራውን ቡድን የመራው ሆላንዳዊው መሐንዲስ ሉ ኦተንስ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በጄት አውሮፕላኖቹ የታወቀው አሜሪካዊው ቢል ሊር ለመኪና የታሰበውን ባለ ስምንት መስመር ካርትሪጅ አወጣ፤ ፎርድ ኩባንያም ማጫወቻውን ለ1966 ሞዴል መኪናዎቹ ገዢ ከፈለገ የሚጨመር ዕቃ አድርጎ አቀረበው። በካርትሪጅ ውስጥ ያለው ክር ወርዱ 6.35 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሁለቱ ጫፎቹ ስለተያያዙ መጨረሻ የለውም፣ ከጥቅሉ መካከል እየተሳበ ይወጣና ተመልሶ በውጭው ዙሪያ ይጠቀለላል። መጋጠሚያው ላይ የተለጠፈችው ስስ ብረት ስታልፍ ማጫወቻው «ቋ» ብሎ ሄዱን፣ ማለትም በክሩ ላይ ያለውን ማግኔታዊ ጽሕፈት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን ክፍል፣ ወደ ቀጣዩ መስመር ያሻግረዋል፤ በዚህም የተነሳ አንዳንድ ዘፈን ከመካከሉ ድምፁ እየሳሳ ጠፍቶ ከ«ቋ»ው በኋላ ይቀጥላል። ለተያዘው ጉዳይ የሚጠቅመው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ክሩን ከሚስበው ዘንግ ጋር የሚያጣብቀው የጎማ ተሽከርካሪ በማጫወቻው ውስጥ የለም፣ ያለው በካርትሪጁ ውስጥ ነው። ማጫወቻው እንግዲህ ብቻውን ሙሉ ማሽን አይደለም፤ የአካሉ አንድ ክፍል በየካርትሪጁ ተበትኖ ይኖራል፣ ያን ጎማ ዘመን ካቀለጠውም በሚገባ የታደሰ ማጫወቻ ዲዳ ሆኖ ይቀራል። የአንድ ዕቃ ድንበር የት ነው ለሚል ሰው ይህ ካርትሪጅ ከብዙ የመማሪያ መጽሐፍ ምሳሌ የተሻለ ምሳሌ ነው።

የካሴት ማጫወቻ አካል የተሟላ ነው፣ አሟሟቱም የራሱ ነው። ልቡ ካፕስታን የምትባለው፣ የእስክሪብቶ ቀለም መያዣ ያህል የቀጠነች የብረት ዘንግ ናት፤ ክሩ በእርሷና በሚጫናት የጎማ ተሽከርካሪ መካከል ተይዞ በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ይጎተታል፤ ዘንጓ በክብደቱ ፍጥነትን ከሚያረጋጋ የብረት ክብ፣ መካኒኮች ቮላኖ ከሚሉት ዓይነት ጋር ተያይዛለች፤ ያን ደግሞ ሞተሩ በቺንጋ ያዞረዋል። ከሁሉም ቀድማ የምትሞተው ብዙውን ጊዜ ቺንጋዋ ናት። ፖሊዩሬቴን ከሚባለው ሰው ሠራሽ ቁስ የተሠራች ከሆነች የአየሩን እርጥበት እየጠጣች ከውስጥ ትፈርሳለች፤ ስለዚህ ለሠላሳ ዓመት ያልተከፈተ ቴፕ ክዳኑ ሲነሳ በፑሌጃው ዙሪያ የሚገኘው ቺንጋ ሳይሆን የቺንጋ ቅርጽ የያዘ ጥቁር ሬንጅ ነው፤ ጣት ሲነካው እንደ ማር ይሳባል፣ ጥጥ በተጠመጠመበት የስንጥር ጫፍና በአልኮል ደጋግሞ ካልተጠረገም አይለቅም። ግራሶው ጠጥሮ ሰም ይመስላል። የጎማ ተሽከርካሪው ገጽ እንደ ብርጭቆ ለስልሶ ክሩን ማንሸራተት ይጀምራል፣ ክሩም መንገዱን ስቶ በራሱ በተሽከርካሪው ላይ ይጠመጠማል፤ «ቴፑ ካሴት በላ» የሚባለው ይህ ነው። ኤሌክትሪክን ለቅጽበት አጠራቅሞ የሚለቀው ካፓሲተር በበኩሉ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ይደርቃል ወይም አፍስሶ ሰሌዳውን ይበላል።

ከዚህ ዝርዝር የሚገኘው ትምህርት ብዙ ሰብሳቢዎች ከሚያምኑት ጋር ይጋጫል። ዕቃን ባለመንካት መጠበቅ ይቻላል፣ ያልተነካም ያልረከሰ ነው የሚለው እምነት ለብርና ለሸክላ ይሠራ ይሆናል፤ ለቴፕ ግን አይሠራም፤ ሳይነካ የኖረው ቴፕ ጎማው በአንድ በኩል ጎድጉዶ፣ ዘይቱ ደርቆ ይገኛል፣ በየሳምንቱ ሲሠራ የኖረው ግን ተበልቶም ቢሆን ይዞራል። ጥገና የሚባለው ከሞት በፊት የሚደረገው ይህ ተራ ነገር ነው፤ ሄድ መጥረግ፣ ዘይት ጠብ ማድረግ፣ ጎማ ማጽዳት። እድሳት ግን ጥገና ከቀረ በኋላ የሚመጣ፣ ሁልጊዜም ከጥገና የሚበልጥ ድፍረት የሚጠይቅ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ጥንቱ ክርክር መመለስ ይቻላል። ፕሉታርክ በቴሴዎስ ታሪክ ውስጥ እንደጻፈው አቴናውያን የጀግናውን መርከብ ሳንቃ በበሰበሰ ቁጥር በአዲስ ሲተኩት ኖረው፣ መርከቡ ያው ነው አይደለም የሚለው ነገር የፈላስፎች መከራከሪያ ሆነ። እንግሊዛዊው ቶማስ ሆብስ በ1655 ባሳተመው መጽሐፉ ችግሩን አከበደው፤ አንድ ሰው የተጣሉትን አሮጌ ሳንቆች ሰብስቦ በቀድሞ ሥርዓታቸው ሌላ መርከብ ቢገጥምባቸው፣ እውነተኛው የትኛው ሊሆን ነው? ቴፕን በሚመለከት የሆብስ ጥያቄ ግማሹ ወዲያው ይወድቃል፤ ሬንጅ የሆነችውን ቺንጋ ሰብስቦ መልሶ ቺንጋ ማድረግ የሚችል የለምና። ቀሪው ግማሽ፣ የተተካካው ያው ነው ወይ የሚለው፣ ግን ይቆያል። ለአማርኛ አንባቢ ይህ ጥያቄ እንግዳ አይደለም፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከምታስተምራቸው አምስቱ አዕማደ ምስጢር የመጨረሻው ትንሣኤ ሙታን ነው፣ እርሱም ፈርሶ አፈር የሆነው አካል ሲነሳ ያው ሰው መሆኑን ማመንን ይጠይቃል። የሂፖው አውግስጢኖስ ለዚህ ያቀረበው ምሳሌ የሐውልት ምሳሌ ነው፤ ቀልጦ የፈሰሰን ሐውልት ቀራጺው ከዚያው ብረት መልሶ ቢያቆመው፣ ቀድሞ እጅ የነበረው ብረት አሁን እግር መሆኑ ሐውልቱን አይለውጠውም፣ የሚያስፈልገው ከመላው ቁስ ምንም እንዳይጎድል ነው። ምሳሌው ለአውግስጢኖስ ዓላማ በቂ ነው፤ እዚህ ግን ድንበር አለው። የሰው አካል ማንነት በፈጣሪው ዕውቀት ተጠብቆ ይኖራል ብሎ ማመን ይቻላል፣ ቺንጋን ግን በቁጥር የሚያውቃት የለም፤ ሌላ በቦታዋ ስትገባም ማንም አያለቅስላትም።

እንግዲህ የቴፕ ማንነት በቁሱ ካልሆነ በሥራው ነው ቢባል፣ ፈጥኖ የሚመጣ ተቃውሞ አለ፤ ያንኑ ካሴት ማንኛውም ሌላ ቴፕ ያነበዋል፣ ታዲያ ሁሉም ቴፕ አንድ ቴፕ ነውን? ተቃውሞው ትክክል ነው። ሥራ የሚወስነው ዓይነትን እንጂ ግለሰቡን አይደለም። አንዱን ቴፕ ከሌላው የሚለየው በአገልግሎት ዘመኑ የታተመበት ምልክት ነው፤ ለምሳሌ የሄዱ ፊት በላዩ ባለፈው ክር ሁሉ እየተሞረደ ጥፍርን የምትይዝ ቦይ ያበጃል፣ ያቺ ቦይ በዚያ መኪና ውስጥ የተሰማው ነገር ሁሉ ድምር ናት። ልምድ ያለው ሠሪ ቺንጋና ካፓሲተር ሲለውጥ ለአፍታ አያመነታም፤ ሄድ ሊለውጥ ሲል ግን እጁን የሚይዘው ለዚህ ነው፣ ምክንያቱን ባይናገረውም።

ክሩ የሚሄድበት ፍጥነት ደግሞ ሌላ ነገር ያሳያል። አውግስጢኖስ «ኑዛዜ» በተባለው ድርሳኑ 11ኛ መጽሐፍ ጊዜ ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቅ የሰጠው ምሳሌ መዝሙር የሚደግም ሰው ነው፤ ከመጀመሩ በፊት መላው መዝሙር በተስፋ ውስጥ አለ፣ ሲደገም ጥቂት በጥቂት ከተስፋ ወደ ትዝታ ያልፋል። ካሴትን በመስኮቱ በኩል ያየ ሰው ይህን በዓይኑ ያየዋል፤ የግራው ጥቅል እየሳሳ የቀኙ ይወፍራል፣ በመካከላቸው ያለችው አሁን የምትባለው ከሄዱ ስንጥቅ አትሰፋም። ነገር ግን ቴፕ ከአውግስጢኖስ ነፍስ የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ በቴፕ ውስጥ ጊዜ ርዝመት አለው፣ የሠላሳ ደቂቃ ስብከት 86 ሜትር ያህል ክር ነው፣ ፍጥነቱን የሳተ ሞተርም የሰባኪውን ዕድሜ ይለውጣል። በሰከንድ 3150 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ የተቀዳበት የመለኪያ ካሴት ሲጫወት ቆጣሪው 3200 ካሳየ፣ ቴፑ በመቶ 1.6 ያህል ፈጥኗል፤ ይህም ከግማሽ ድምፅ ሩቡን በጥቂቱ የሚያልፍ ሲሆን ድምፀ ወፍራሙን አባት በመጠኑ ወጣት ያደርገዋል። ከሞተሩ ጀርባ ባለች ቀዳዳ ቀጭን ካቻቪቴ አስገብቶ ጥቂት ማዞር ይመልሰዋል። እዚህ ላይ ሕጉ፣ ማለትም የፋብሪካው ደረጃ፣ እና በካሴቱ ላይ ያለው እውነት አይጋጩም።

የሚጋጩት በአዚሙት ነው። አዚሙት የሚባለው በሄዱ ፊት ላይ ያለችው፣ በዓይን የማትታይ ስንጥቅ ከክሩ አካሄድ ጋር የምትሠራው ማዕዘን ሲሆን፣ በደረጃው መሠረት 90 ዲግሪ ሊሆን ይገባዋል፤ በሄዱ ጎን ያለች፣ ብዙ ጊዜ ከሥሯ ስፕሪንግ ያላት አንዲት ብሎን ስትዞር ሄዱ በጥቂቱ ያዘነብላል። የጥቂቱን ልክ በስሌት ማየት ይቻላል። ክሩ በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ስለሚሄድ፣ በሰከንድ 10,000 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ እያንዳንዱ ማዕበሉ በክሩ ላይ የሚይዘው ቦታ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሺህ እጅ አምስቱን አይሞላም፤ በሞኖ የተቀዳ መስመር ወርዱ ግን 1.5 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ስንጥቋ ከአንድ ዲግሪ አምስተኛ በታች እንኳ ብታዘነብል የመስመሩ አንድ ጠርዝ ሌላውን በአንድ ሙሉ ማዕበል ይቀድመዋል፣ ማዕበሉም ራሱን በራሱ ያጠፋል፤ ከዚያ ዝቅ ያሉት፣ የ«ሰ» እና የ«ፀ» ፉጨት የሚገኝባቸው ድምፆችም ይደክማሉ፣ ተናጋሪውም ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚያወራ ይመስላል።

አሁን ችግሩን በአንድ ካሴት ማየት ይበቃል። የፋብሪካ ካሴት በተስተካከለ ሄድ ስለሚቀዳ ለደረጃው ታዛዥ ነው። ነገር ግን በኢትዮጵያውያን ዘንድ፣ በተለይ ስደት ቤተሰብን ከበተነ በኋላ፣ ደብዳቤ በመጻፍ ፈንታ ድምፅን በካሴት ቀድቶ በሰው እጅ መላክ የታወቀ ነገር ነበር፤ እነዚህ የድምፅ ደብዳቤዎች የተቀዱት በየቤቱ በነበረ፣ ሄዱ ማንም ሳያየው ባዘነበለ ትንሽ መቅጃ ነው። እንዲህ ያለውን ካሴት በትክክል በ90 ዲግሪ በተስተካከለ፣ ፍጹም በታደሰ ቴፕ ላይ ያጫወተ ሰው የሚሰማው የታፈነ ድምፅ ነው። ቴፑ ቀጥ ብሏል፤ ደብዳቤው ግን ያዘመመ ነው፣ ያ ማዘመምም ስሕተት ሆኖ ሳለ ድምፁ የሚነበብበት ብቸኛ መንገድ ነው። የሚያድሰው ሰው ታማኝነቱ ለፋብሪካው ደረጃ ከሆነ ደብዳቤውን ያጣል። ለደብዳቤው ከሆነ ግን ካቻቪቴውን አንሥቶ፣ ጆሮውን አቅንቶ፣ የእናት «ሰላም ናችሁ ወይ» ከብርድ ልብሱ ሥር እስክትወጣ ድረስ ብሎኗን በጸጉር ልክ ሊያዞር ይገባዋል።

ይህ ችግር በሥነ ምግባር ፍልስፍና ስም አለው። አርስቶትል በኒቆማኮስ ሥነ ምግባር 5ኛ መጽሐፍ፣ ሕግ ለሁሉ በአንድ ቃል ስለሚናገር በልዩ ሁኔታ ላይ ሲደርስ እንደሚያጥርና ያን እጥረት የሚያቀናው ርትዕ እንደሆነ ሲያስረዳ፣ የሌስቦስ ደሴት ግንበኞችን የእርሳስ ማስመሪያ ይጠቅሳል፤ ማስመሪያው ግትር ስላልሆነ የድንጋዩን ቅርጽ ተከትሎ ይታጠፋል። ከክርስቲያን መምህራን መካከል ደግሞ ዮሐንስ አፈወርቅ እግዚአብሔር በመጻሕፍት ውስጥ ለሰው ሲናገር ወደ ሰሚው አቅም ዝቅ እንደሚል ደጋግሞ አስተምሯል፤ ዝቅ ያለው ንግግሩ እንጂ ባሕርዩ አይደለም። ሁለቱ ሐሳቦች ከተለያየ ምንጭ ይቀዱ እንጂ በብሎኗ ላይ ይገናኛሉ፤ ወደ ያዘመመው ማዘንበል ደረጃውን መሻር አይደለም። ከዚህ ላይ ግን ቸኩሎ «ትክክል የሚባል ነገር የለም፣ ሁሉም እንደ ሰሚው ነው» ወደሚል መደምደሚያ የሚሄድ ሰው ይስታል። ያ ካሴት አንድ ትክክለኛ ማዕዘን ብቻ አለው፣ እርሱም የተቀዳበት ነው፤ ሰሚው ያገኘዋል እንጂ አይመርጠውም፣ ጥቂት ቢያልፈው ድምፁ መልሶ ይታፈናል። ርትዕ ከሕግ ይልቅ ጥብቅ የሚሆንበት ቦታ እንዳለ ከዚህ በላይ በግልጽ የሚታይበት ነገር ማግኘት ያስቸግራል።

ታማኝነቱ ለድምፁ ከሆነ ደግሞ ዛሬ እየተለመደ ስላለው ሌላ አሠራር ፍርድ መስጠት ይቀላል። የቴፑን ሆድ ዕቃ አውጥቶ ፊቱን፣ ቁልፎቹንና የካሴት መግቢያውን አፍ ብቻ አስቀርቶ ከውስጥ የብሉቱዝ ሰሌዳ መግጠም፣ ከዳሽቦርዱ ውበት ጋር የስልክን ምቾት ያስማማል። እንግሊዛዊው ጆን ረስኪን በ1849 የሥነ ሕንፃ ሰባት መብራቶች በተባለው መጽሐፉ እድሳት የሚባለውን ሁሉ እንደ ሐሰት ቆጥሮት ነበር፤ የፈረንሣዩ ቪዮሌ ለ ዱክ በተቃራኒው፣ ሕንፃ በየትኛውም ዘመን ኖሮት ወደማያውቅ ምሉዕነት እንኳ ሊመለስ ይችላል አለ። የረስኪን ቁጣ ለቺንጋ አይሆንም፣ የቪዮሌ ለ ዱክም ድፍረት ለሄድ አይሆንም። የተሻለ መለኪያ የሰጠው ጣሊያናዊው ቼዛሬ ብራንዲ ነው፤ የእድሳት ንድፈ ሐሳቡን ያሳተመው ካሴት በተወለደበት በዚያው በ1963 ነበር፤ የተጨመረው ነገር ቀርቦ ለሚመረምር ሰው መጨመሩ ሊታወቅ ይገባዋል፣ ለሚመጣው ሠሪም መንገድ ሊዘጋ አይገባውም ይላል። በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተር ደግሞ ግምት በጀመረበት እድሳት እንዲቆም አዘዘ። በዚህ መለኪያ የሆድ ዕቃው ተጠቅልሎ በካርቶን ከተቀመጠና መልሶ መግጠም ከተቻለ፣ ብሉቱዙ ለጊዜው የተከራየ ጎረቤት ነው። የሆድ ዕቃው ከተጣለ ግን የቀረው ጭምብል ነው፤ አፍ አለው፣ ካሴት ግን አይጎርስም። ይህን ያደረገ ሰው ቴፑን አላደሰውም።

በአሜሪካ ገበያ ካሴት ማጫወቻ ከፋብሪካው ተገጥሞለት የተሸጠ የመጨረሻው አዲስ መኪና የ2010ሩ ሌክሰስ ኤስ ሲ 430 ተብሎ ይጠቀሳል። ከዚያ ወዲህ በመኪና ውስጥ የሚነበብ ካሴት በአብዛኛው የሚነበበው ሰው ባቆየው ቴፕ ነው። አሮጌ ቴፕ በእጁ ያለ አንባቢ አዲስ ቺንጋ ባስገባ ማግስት የእናቱን ካሴት አይስጠው፤ መጀመሪያ የማይቆጨውን ካሴት ከዳር እስከ ዳር ያጫውትበት። የአዚሙቷን ብሎን ከመንካቱም በፊት በብሎኗ ራስና በሄዱ መያዣ ላይ በጥፍር ቀለም አንድ ቀጭን መስመር ይሳል፤ ካሴቱ የተቀዳበት ማዕዘንም ሆነ ፋብሪካው ብሎኗን ያቆመበት ቦታ በየትኛውም መጽሐፍ አልተጻፈምና፣ ምልክት ሳይደረግባት የዞረች ብሎን የነበረችበት ቦታ ጠፍቷል።